ዶክተር ካርልሰን እና የስምንት ቁጥር ጨዋታው

ዛሬ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ የሚከታተል ሰው አሠልጣኙ በሜዳው ጠርዝ ቆሞ ሲያዝ፣ እረፍት ጠይቆ ተጫዋቾቹን በዙሪያው ሲሰበስብ፣ በትንሽ ሰሌዳ ላይ መስመር እየሣለ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ ሲያስረዳ ማየትን ለምዷል። በአሜሪካ ኮሌጆች ግን አሠልጣኝ በዚህ አጭር እረፍት ከተጫዋቾቹ ጋር እንዲነጋገር የተፈቀደለት ከ1948–49 የውድድር ዘመን ጀምሮ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት እረፍት ሲጠየቅ ተጫዋቾቹ ብቻቸውን ተማክረው ይመለሱ ነበር፤ አሠልጣኙ የሚናገረው ከጨዋታው በፊትና በሁለቱ አጋማሾች መካከል ብቻ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን አሠልጣኝ ዋና ሥራው የሚሠራው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ በልምምድ ሜዳ ላይ ነበር ማለት ነው። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበሩት ሐኪሙ ሄንሪ ክሊፎርድ ካርልሰን የፈጠሩት የማጥቃት ሥርዓት ለምን የመጣበትን መልክ እንደያዘ ለመረዳት ይህን ሕግ በአእምሮ መያዝ ያስፈልጋል። ካርልሰን ከ1922 እስከ 1953 ድረስ 31 የውድድር ዘመናት አሠልጥነዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 26ቱ ያለፉት በዚህ ክልከላ ሥር ነው።

ካርልሰን የተወለዱት ሐምሌ 4 ቀን 1894 በኦሃዮ ግዛት፣ መሪ ሲቲ በምትባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተማ ነው። በፔንሲልቬኒያ በሚገኘው የቤልፎንት አካዳሚ ከተማሩ በኋላ ወደ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ከዚያ በኋላም እስከ እርጅናቸው ድረስ ሕይወታቸው ከዚህ ዩኒቨርሲቲ አልተለየም። በተማሪነታቸው ዘመን ሦስት የስፖርት ዓይነቶችን ተጫውተዋል፦ የአሜሪካ እግር ኳስን፣ ቅርጫት ኳስንና ቤዝቦልን። መጀመሪያ ስማቸው የታወቀው ግን በእግር ኳሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር መባል አለበት። በአማርኛ «እግር ኳስ» ስንል ዓለም ሁሉ የሚጫወተውን ጨዋታ እንረዳለን፤ አሜሪካኖች በዚሁ ስም የሚጠሩት ግን ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው በመሮጥ ወይም በመወርወር ወደ ተቃራኒው ሜዳ ጫፍ ለማድረስ ይታገላሉ፤ ጨዋታው በተከታታይ አጫጭር ግጥሚያዎች የተከፋፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ግጥሚያ ኳሷ ከመሬት ስትነሣ ተጀምሮ ተሸካሚው ሲወድቅ ወይም ከመስመር ሲወጣ ያበቃል። ካርልሰን የተጫወቱት በፊተኛው መስመር ዳርቻ ነበር። በዚያ ዘመን የዳርቻ ተጫዋች ሥራ ብዙ ነበር፤ ቡድኑ ሲያጠቃ ተቃራኒን እየገፋ ለኳስ ተሸካሚው መንገድ ይከፍታል፣ አንዳንድ ጊዜም ሮጦ የተወረወረለትን ኳስ ይቀበላል፤ ኳሷ ወደ ተቃራኒ ስታልፍም ከሜዳ ሳይወጣ እዚያው ቆሞ ይከላከላል። ለማጥቃትና ለመከላከል የተለያዩ ተጫዋቾች መሰለፍ የጀመሩት በጣም ቆይቶ ነው።

ካርልሰን ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1915፣ በዘመኑ ስማቸው ከገነነው የእግር ኳስ አሠልጣኞች አንዱ የሆኑት ግሌን ዋርነር ወደ ፒትስበርግ መጡ። ቡድኑ በ1915 ስምንት ጨዋታ፣ በ1916 ስምንት ጨዋታ፣ በ1917 ደግሞ አሥር ጨዋታ አድርጎ ሁሉንም አሸነፈ፤ በሦስት ዓመት 26 ጨዋታ ያለ አንድ ሽንፈት ማለት ነው። ካርልሰን የመጨረሻው ዓመት ቡድን አምበል ነበሩ፤ በዚያው ዓመትም ከመላ አገሪቱ ከተመረጡት ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ሆኑ። በዚያው መስመር ላይ አብረዋቸው የተጫወቱት በስኮትላንድ የተወለዱት ጆክ ሰዘርላንድ በፒትስበርግ የጥርስ ሕክምና ተምረው ነበር፤ በኋላም የዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሆነው ስማቸው በአሜሪካ ገናና ሆነ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳሱን ቡድን የጥርስ ሐኪም፣ የቅርጫት ኳሱን ቡድን ደግሞ የሕክምና ዶክተር ይመሩት ነበር፤ ሁለቱም የአንድ አሠልጣኝ ደቀ መዛሙርት ነበሩ።

ከዋርነር ምን ተማሩ? የእኔ ግምት ይህ ነው፤ በአሜሪካ እግር ኳስ ውስጥ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ኳሷን የማይነካው ተጫዋች እንኳ የት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚገጥም፣ ስንት እርምጃ እንደሚራመድ ያውቃል። በዚያን ጊዜ በእግር ኳሱም ከሜዳ ዳር ሆኖ ትእዛዝ መስጠት በሕግ የተከለከለ ስለነበር ይህ ሁሉ በተደጋጋሚ ልምምድ ከሰውነት ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ይጠና ነበር። ኳስ ያልያዘው ሰው ሩጫ ከያዘው ሰው ሩጫ እኩል ዋጋ አለው የሚለው ሐሳብ በኋላ በካርልሰን ቅርጫት ኳስ ውስጥ ዋና ቦታ ይዞ እናገኘዋለን።

ካርልሰን የሕክምና ዲግሪያቸውን ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1920 ተቀበሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የቅርጫት ኳሱን ቡድን ተረከቡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕክምናውን አልተዉም። ከ1930ዎቹ ጀምሮም የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ጤና አገልግሎት መርተዋል። የዚያ ዘመን አሠልጣኝነት ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሥራ ጋር የሚያዝ ነበር።

ተረክበው የጀመሩት ጨዋታ ዛሬ ከምናውቀው በብዙ ይለያል። ጄምስ ኔይስሚዝ ቅርጫት ኳስን በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ከፈጠሩት ገና 31 ዓመቱ ነበር፤ በታኅሣሥ 1891 የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቅለው 13 ሕጎች በመጻፍ ነበር የጀመሩት። በ1922 ቅርጫቱ በብረት ቀለበትና በመረብ ተተክቶ ነበር፤ ነገር ግን ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ኳሷ ወደ ሜዳው መካከል ትመለስና ዳኛው በሁለት ተጫዋቾች መካከል ወደ ላይ ይወረውራት ነበር። ስለዚህ ረጅም የመሐል ተጫዋች ያለው ቡድን አስቆጥሮ እንደገና ኳሷን ይወስድ ነበር ማለት ነው። ይህ ሕግ የቀረው በ1937 ነው። ኳሷን ይዞ የመቆያ የጊዜ ገደብም አልነበረም፤ ከራስ ሜዳ በ10 ሰከንድ ውስጥ መውጣት ግዴታ የሆነው በ1932 ሲሆን፣ በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫት የመወርወር ግዴታ በወንዶች ኮሌጅ ጨዋታ የመጣው በ1985 ነው፤ ያውም 45 ሰከንድ ተሰጥቶ። በዚህ ሁሉ ምክንያት በ20ና በ30 ነጥቦች መካከል የሚያልቅ ጨዋታ የተለመደ ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ ቡድኖች የሚያጠቁት በተወሰኑ የተጠኑ እንቅስቃሴዎች ነበር። አንድ ተጫዋች ምልክት ይሰጣል፣ ኳሷ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች፣ በመጨረሻ አንዱ ይወረውራል። ችግሩ እንቅስቃሴው ሳይሳካ ሲቀር ነው፤ ተጫዋቾቹ ባሉበት ተበታትነው ይቀራሉ፣ እንደገና ለመሰለፍ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፣ ተከላካዮቹም ትንፋሽ ያገኛሉ። ካርልሰን የፈለጉት መጨረሻ የሌለው እንቅስቃሴ ነበር፤ አንዱ ሙከራ ሲከሽፍ ሁሉም ተጫዋች ለሚቀጥለው ሙከራ ትክክለኛ ቦታው ላይ ሆኖ የሚገኝበት፣ ማንም ከዳር ሆኖ ሳያዝ ራሱን በራሱ የሚያስቀጥል ሥርዓት። መልሱ «የስምንት ቁጥር» የተባለው የማጥቃት ዘዴ ሆነ።

ስሙ የመጣው ተጫዋቾቹ በሜዳው ላይ ከሚከተሉት መንገድ ነው። የግዕዙን ፰ ሳይሆን የተለመደውን 8 ወስደን በጎኑ ብናጋድመው፣ ሁለት ክቦች መካከል ላይ ተገናኝተው እናያለን። ተጫዋቹ ከግራው ክብ ተነሥቶ መካከሉን ያቋርጣል፣ በቀኙ ክብ ዞሮ ይመለሳል፣ እንደገና መካከሉን ያቋርጣል። ይህን በቀላሉ ለመረዳት ሹሩባ ሲሠራ ማሰብ ይበቃል። በሦስት ዘለላ ጸጉር የሚገመድ ሹሩባ ውስጥ የዳሩ ዘለላ ወደ መሐል ይገባል፣ የመሐሉ ወደ ዳር ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ የሌላኛው ዳር ዘለላ ወደ መሐል ይመጣል፤ ማንኛውም ዘለላ በተራው ሁሉንም ቦታ ይይዛል። በሜዳው ላይም እንደዚሁ ነው። ኳሷን የያዘው ወደ መሐል ለሚመጣው ጓደኛው ያቀብልና ባቀበለበት አቅጣጫ ሮጦ ከጀርባው ያልፋል፤ የተቀበለው ደግሞ ከሌላኛው ወገን ለሚመጣው ሦስተኛ ሰው ያቀብላል፤ የመጀመሪያው እስከዚያ ዞሮ ይመለሳል። ካርልሰን ይህን በሦስት ሰው፣ በአራት ሰውና በአምስት ሰው የሚሠራ አድርገው አዘጋጁት። በሦስት ሰው ሲሆን ሁለቱ የቀሩት በቅርጫቱ አጠገብ ይቆያሉ፤ በአምስት ሰው ሲሆን ግን ቅርጫቱ ሥር ማንም አይቆምም፣ ቦታው ሁሉ ሮጦ ለሚገባ ሰው ባዶ ይተዋል።

ጥቅሙ የት ላይ ነው? ተከላካዮች ሰው በሰው ተያይዘው ሲከላከሉ እያንዳንዱ የያዘውን ሰው መከተል አለበት። ሁለት አጥቂዎች ተቀራርበው ሲተላለፉ ግን ሁለቱ ተከላካዮችም በዚያች ጠባብ ቦታ ይገናኛሉ፤ ይጋጫሉ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ለማሳለፍ አንድ እርምጃ ይዘገያል፣ ወይም ሁለቱም አንድ ሰው ይከተላሉ። አጥቂው የሚፈልገው ይህችን አንድ እርምጃ ነው። ባገኛት ቅጽበት የ8ቱን መንገድ ትቶ በቀጥታ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል፣ ኳሷም ትደርሰዋለች። ካላገኛትም ምንም አልጎደለበትም፤ መንገዱን ይቀጥላል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ያው ዕድል በሌላ ጥንድ ላይ ይፈጠራል። ጊዜ የሚገድበው ሰዓት ባልነበረበት ጨዋታ ይህን ለደቂቃዎች መቀጠል ይቻል ነበር፤ ለመሳሳት የተጋለጠው ደግሞ ሁልጊዜ ተከታዩ ነው፤ ምክንያቱም አጥቂው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል፣ ተከላካዩ ግን አይቶ ነው የሚወስነው።

የሐኪሙ ዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካርልሰን ድካምን እንደ ስንፍና ምልክት ሳይሆን እንደሚለካ የሰውነት ሁኔታ ያዩት ነበር፤ በአትሌቶች ድካም ላይም ለዓመታት ምርምር አድርገዋል። ከዚህ ሥራቸው በአካል ማጎልመሻ ትምህርት ዘርፍ በስማቸው የሚጠራ የድካም መለኪያ ተገኝቷል፤ ውጤቱንም በ1945 አሳትመውታል። ፈተናው ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ተፈታኙ ባለበት ቦታ ቆሞ ለ10 ሰከንድ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፣ 10 ሰከንድ ያርፋል፣ እንደገና ይሮጣል፤ ይህ 10 ጊዜ ይደጋገማል። በእያንዳንዱ ዙር የቀኝ እግሩ መሬት የነካበት ጊዜ ይቆጠራል፤ የልብ ምቱም ከሩጫው በፊት፣ እንዳበቃና ከዚያ በኋላ በየሁለት ደቂቃው እስከ ስድስተኛው ደቂቃ ድረስ ይለካል። አሥሩ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ሲቀመጡ አንድ መስመር ይሠራሉ። የዝግጁ አትሌት መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙር ብዙም አይወርድም፣ የልብ ምቱም ቶሎ ይመለሳል፤ ያልተዘጋጀው ሰው መጀመሪያ ምናልባት የበለጠ ይፈጥናል፣ መስመሩ ግን ቁልቁል ይሄዳል። ለአሠልጣኙ ጠቃሚው ጥያቄ «ማን ይፈጥናል?» የሚለው ሳይሆን «በአሥረኛው ዙር ማን የመጀመሪያውን ያህል ይቀራል?» የሚለው እንደሆነ ፈተናው በራሱ ይናገራል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የስምንት ቁጥሩ ጨዋታ ሩጫን ለአምስቱም ሰው እኩል የሚያከፋፍል ሥርዓት ነው። አንድ ኮከብ ሁሉንም ሮጦ አይደክምም፣ ሌላው ቆሞ አይቀዘቅዝም፤ ሩጫው በታወቀ መንገድና በታወቀ ፍጥነት ስለሚሄድም ጉልበት በከንቱ አይባክንም። ተከላካዩ ግን በድንገት መቆምና መነሣት ይገደዳል፤ ይህ ደግሞ ከተስተካከለ ሩጫ ይልቅ ያደክማል።

ሥርዓቱ ከፍተኛውን ፍሬ የሰጠው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1927–28 ፒትስበርግ 21 ጨዋታ ተጫውቶ ሁሉንም አሸነፈ፤ በ1929–30 ደግሞ 23 አሸንፎ 2 ተሸነፈ። የሁለቱም ቡድኖች ዋና አግቢ በምዕራብ ፔንሲልቬኒያ፣ ዩኒየንታውን ያደገው ቻርሊ ሃያት ነበር፤ በሦስቱም የኮሌጅ ውድድር ዓመታቱ ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ሆኖ ተመርጧል። ቡድኑ ይጫወት የነበረው በ1925 በተከፈተው የእግር ኳስ ስታዲየም የተመልካች መቀመጫዎች ሥር በተሠራ አዳራሽ ነው።

ስለ እነዚህ ሁለት ዓመታት ሲነገር ፒትስበርግ «የአሜሪካ ሻምፒዮን» ነበረ ይባላል፤ ይህ አባባል ማብራሪያ ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ ብሔራዊ የኮሌጅ ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም፤ በኒው ዮርክ የሚደረገው የግብዣ ውድድር በ1938፣ የብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር (NCAA) ውድድር ደግሞ በ1939 ነው የተጀመሩት። የ1928ንና የ1930ን ሻምፒዮንነት ለፒትስበርግ የሰጠው መቀመጫው ሎስ አንጀለስ የነበረው የሄልምስ የስፖርት ተቋም ነው፤ ይህም ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የየቡድኑን ውጤት በመመርመር ነው። በመካከሉ ያለውን የ1929ን ማዕረግ ተቋሙ የሰጠው ለሞንታና ስቴት ነው። ተጫዋቾቹ ሲጫወቱ እንዲህ ያለ ዋንጫ እንዳለ አያውቁም ነበር። ማዕረጉ የታሪክ ዳኝነት እንጂ የሜዳ ውጤት አይደለም። 21 ጨዋታን ያለ ሽንፈት መጨረስ ግን የማንንም ዳኝነት አይፈልግም።

የምሥራቁና የምዕራቡ ቡድኖች እምብዛም አለመገናኘታቸው ካርልሰንንም ያሳሰባቸው ይመስላል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቡድናቸውን ይዘው የሮኪ ተራሮችን አቋርጠው በካሊፎርኒያ ተጫውተዋል፤ ከምሥራቅ ተነሥተው ይህን ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች አንዱ ናቸው። በባቡር ቀናት የሚወስድ ጉዞ ነበር።

ካርልሰን በብሔራዊው ማኅበር ውድድር የተሳተፉት አንድ ጊዜ፣ በ1941 ነው። ስምንት ቡድኖች ብቻ በነበሩበት ውድድር ፒትስበርግ ኖርዝ ካሮላይናን 26 ለ 20 አሸነፈ፤ ከዚያ ዊስኮንሲን በራሱ ከተማ በማዲሰን 36 ለ 30 አሸነፈውና ዋንጫውንም ወሰደ።

የሰውየው ሕይወት ግን የድል ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓታቸውን የሚመክት ተቃራኒም ነበረ። የስምንት ቁጥሩ ኃይል የሚመጣው ተከላካይ ሰውን ስለሚከተል ነው። ተከላካዮቹ ሰው መከተል ትተው እያንዳንዳቸው የሜዳውን አንድ ክፍል ብቻ ቢጠብቁስ? ይህ የቀጠና መከላከል የሚባለው ነው። አጥቂዎቹ ቢተላለፉም ባይተላለፉም ተከላካዩ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ግጭትም መዘግየትም የለም፤ የሚሮጡት አጥቂዎቹ ብቻ ይሆናሉ። ካርልሰን ይህን አከላከል አጥብቀው ይጠሉት ነበር። መልሳቸው ኳሷን በሩቅ ይዞ መቆም ነበር፤ ተከላካዮቹ ከቅርጫቱ ሥር ወጥተው ካልመጡ እኛም አንመጣም ማለት ነው። በ1952 ከፔን ስቴት ጋር ባደረጉት ጨዋታ ይህ ትዕግሥት እስከ መጨረሻው ተገፋና ፒትስበርግ 24 ለ 9 ተሸነፈ። በ40 ደቂቃ ጨዋታ 9 ነጥብ።

በዚህ ላይ ካርልሰን የተሳሳቱ ይመስለኛል። ቀጠናን የሚፈታው በፍጥነት በሚዘዋወር ኳስና ከሩቅ በሚወረወር ውርወራ እንደሆነ በዚያን ጊዜ ሌሎች አሠልጣኞች አሳይተው ነበር፤ የራሳቸውን ሥርዓት አጥብቀው መውደዳቸው ሌላ መንገድ እንዳይፈልጉ ያደረጋቸው ይመስላል። ሆኖም ያነሡት ጥያቄ እውነተኛ ነበር፤ አንዱ ወገን ቅርጫቱ ሥር ተሰብስቦ ሊቆም ከቻለ፣ ሌላው ወገን ኳሷን ይዞ እንዳይቆም የሚያስገድደው ምንድን ነው? ሕጉ ለዚህ መልስ የሰጠው እሳቸው ካሠለጠኑበት የመጨረሻ ጨዋታ ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ የውርወራ ሰዓት በማስገባት ነው።

በ1953 ከአሠልጣኝነት ሲወጡ ከ360 በላይ ድሎች በስማቸው ተመዝግበው ነበር። የኔይስሚዝ የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ በ1959 የመጀመሪያዎቹን አባላት ሲመርጥ 15 ሰዎችና 2 ቡድኖች ገቡ፤ ከአሥራ አምስቱ መካከል ኔይስሚዝ ራሳቸው፣ ካርልሰን እና ቻርሊ ሃያት ነበሩ፤ አሠልጣኙና ተጫዋቹ በአንድ ቀን ማለት ነው። ካርልሰን ኅዳር 1 ቀን 1964 በፔንሲልቬኒያ፣ ሊጎኒየር ከተማ አረፉ።

ዛሬ የስምንት ቁጥሩን ጨዋታ በሙሉ መልኩ የሚጫወት ቡድን ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን በየትኛውም የቅርጫት ኳስ ሜዳ ልምምድ ሲጀመር ሦስት ተጫዋቾች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ኳሷን እያቀበሉና ባቀበሉት ሰው ጀርባ እየዞሩ፣ መሬት ሳያነጥሯት ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሮጡ ይታያሉ። የዳሩ ወደ መሐል ይገባል፣ የመሐሉ ወደ ዳር ይወጣል፤ የመጨረሻው ተቀባይ ቅርጫቱ ሥር ደርሶ ያስቆጥርና ሦስቱም ዞረው በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ።